ከክንዱ ኋላ፣ ሦስት ጣት

ከሰቃ መንገድ ዳር፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ካቆምኩት የዶሮ ቤት
ሰባት ታቃፊ አለቁብኝ በአንድ ክረምት።
ወንድሜ ነጂብ አጋሮ ወርዷል፣ ባጃጅ ያሽከረክራል፤
የአባቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፣ ሰውና ጥላ ያቀላቅላል።
ጠመንጃው ለማን ይድረስ? እኔው ቀረሁ ከቤት፣
ራውዳ፣ ባለ እንቁላሏ፣ የአባ ፊጣ ልጅ፣ ፈት።

ሁለት ነበሩ ከአልጋው ራስ።
አንደኛው ምንሽር፣ ከአያቴ የወረደ፣
ሰደፉ በትከሻ ብዛት የለዘበ፣ የከበደ፤
ሌላው ባለ ሃያ ሁለት፣ አፈሙዙ እንደ ሸምበቆ፣
ሲተኮስ የሚያስል እንጂ የማይጮህ፣ እንደ አፋር ሰው ተሸማቆ።

ምንሽሩን አነሳሁ። ድምፁን ሰምቶ ሳቀ፤
«አስቀምጪው፤ ለጎሽ ነው የታጠቀ።
ቀበሮዋን በስቶ፣ ግንዱን በስቶ፣ የአባ ዲጋን የጭቃ ግድግዳ አልፎ፣
ከሰውዬው ትራስ ላይ ያድራል፣ ከእንቅልፉ ጋር ተቃቅፎ።
ለትንሽ ነገር ትንሹ ይበቃል። ትንሹ ግን ይሉኝታ የለውም፤
ትልቁ ስሕተትሽን ይሸፍናል፣ ይኼኛው አይሸፍንልሽም።»

ከታሰረችው ፍየል ጎን ላይ ጣቴን ይዞ አኖረ፤
«ራስን ተዪው፤ ይዞራል፣ ያሸታል፣ አንድ ቦታ አይውልም።
ጎኑን እስኪሰጥሽ ጠብቂ። ካልሰጠሽ ይሂድ፤
ዶሮ ጠፋ ተብሎ ድንኳን አይጣልም።
ከክንዱ ኋላ ሦስት ጣት፣ ከደረቱ ሥር ሦስት ጣት ከፍ፤
እዚያ ነው እስትንፋስ የሚያድር።
ከዚያ ወዲያ ሆድ ነው፤ ሆድ የሞት ረጅም ደጃፍ።
ጥርኝ ደግሞ እንዳትነኪ፤ ጀርባዋ ላይ ጋማ አላት፣ ዓይኗ ዝቅ ብሎ ይበራል፤
ለአባ ዲጋ የዝባድ ላሙ ናት፤ በሷ ጎረቤት ይቀያየማል።»

ዝናቡ ያባራበት ሌሊት ነው፣ ቅጠሉ ገና ያንጠባጥባል፤
ባትሪውን ከአፈሙዙ ሥር በላስቲክ አሰርኩ፤
አባቴ ከበሩ በርጩማ ላይ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ ያዳምጣል።

መጣች። ሁለት ፍም ከእንሰቱ ሥር ተለኮሱ፤
ቆሙ፣ ጠፉ፣ ወደ ዶሮ ቤቱ ተመለሱ።
ግማሽ ዞረች። ሌላውን ግማሽ ብጠብቃት ምን ነበር?
ጣቴ ከእኔ ቀደመ፤ ቃታ አይመከር።

ጠመንጃው አንዴ ሳለ፤
ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ እርጥብ ቆዳ በዱላ እንደ ተመታ፣ ዷ አለ።

ከበሩ የአባቴ ቃል መጣ፣ ሳይቆጣ፣ ሳይጣደፍ፤
«ሆዷን ነው የመታሻት፣ ራውዳ። ጫማሽን አጥልቂ፣ ሌሊቱ ሳያልፍ።»
«ነገ አይሆንም?» አልኩት። «ለእሷ ነገ የለም፤
ያላት ዛሬ ብቻ ነው፤ ዛሬዋ ግን አያልቅም።»

ትከሻዬን ይዞ ወረደ።
ደም ከቅጠል ላይ፣ ከዚያ ጭቃ፣ ከዚያ ምንም፤ መንገዱ ጠፋኝ፤
«ቁሚ» አለ፤ «በስተግራ። ሣሩ ይተነፍሳል፣ አይሰማሽም?» አለኝ።

ጨፌው ዳር ነበረች፣ ጭራዋን ከሥሯ ሰብስባ፤
የድመት ታላቅ ብታህል ነው።
ያን ሁሉ ዶሮ የበላች አልመስልሽ አለችኝ፣ በሣር ተከብባ።
ሁለተኛው ቦታውን አወቀ።

አባቴ ተንበረከከ፤ ክንዷን ዳስሶ ቆጠረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ከዚያ የእኔን ቀዳዳ ፈለገ፤
«ይኸው፣ አንድ መዳፍ» አለ፤ «ለእሷ አንድ ሰዓት።»

ሽቅብ ስንመለስ፣ ሳልጠይቀው፣
«እኔም አለችኝ» አለ፤ «አነር፣ በገራ ጫካ፣ ዓይኔ ደህና ሳለ።
መሸ ብዬ ተውኳት። እስከ ዛሬ ትራመዳለች» አለ።

በማግስቱ ጅማ ወርጄ ስድስት ሜትር ሽቦ ገዛሁ።
ከመጀመሪያውም እሱን መግዛት ነበረብኝ፤ አሁን አወቅሁ።
ሁለቱ ቀልሃዎች መስኮቱ ላይ ናቸው፤
አባቴ ሲያልፍ ይዳስሳቸዋል፤
የቱ የትኛው እንደሆነ
አይጠይቀኝም፤ በእጅ ሲዳሰሱ አንድ ናቸው።